በረጋ ደም ሳቢያ በሚከሰት የሳንባ ደም ቧንቧ መዘጋት የተያዙ ሕሙማንን የአደጋ ደረጃ በወቅቱ የመለየት አስፈላጊነት

ጎብዬ በሰሜን ወሎ ዞን በራያ ቆቦ ወረዳ፣ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው ዋና አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከከተማዋ በስተሰሜን በሮቢት በኩል ቆቦ፣ በስተደቡብ ደግሞ ወልድያ ይገኛሉ። በከተማዋም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ የቆላ ቀበሌዎች የሚኖር ሰው ድንገት ትንፋሽ ሲያጥረው በቅድሚያ የሚደርሰው ጤና ጣቢያ ነው። በዚያ የሚገኘው ባለሙያ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄም በሽታው ምንድን ነው የሚል ብቻ አይደለም። ሕመምተኛው በሚቀጥሉት ሰዓታት ምን ዓይነት አደጋ እንደሚጠብቀው፣ ወደ የትኛው ሆስፒታልና በምን ያህል ፍጥነት መላክ እንዳለበት መወሰንም የእርሱ ኃላፊነት ነው።

ይህ ውሳኔ ሞትና ሕይወትን ከሚለይባቸው ሕመሞች መካከል አንዱ በረጋ ደም ሳቢያ የሚከሰተው የሳንባ ደም ቧንቧ መዘጋት፣ በሕክምናው አጠራር ፐልሞናሪ ኢምቦሊዝም ነው። ሕመሙ በዓለም ደረጃ ከልብና ከደም ሥር ጋር የተያያዘ ሞት ከሚያስከትሉ ሕመሞች መካከል ከድንገተኛ የልብ ሕመምና ከስትሮክ ቀጥሎ በሦስተኛ ደረጃ የሚጠቀስ ነው። ይሁን እንጂ በሕመሙ የተያዙ ሁሉ እኩል አደጋ ላይ አይደሉም። አንዳንዶቹ በጥቂት ቀናት ሕክምና ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ሲሆን፣ ሌሎቹ ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ ሕይወታቸው ሊያልፍ ይችላል።

በመሆኑም ሕሙማኑን በአደጋ ደረጃቸው መለየት የሕክምናው አንዱ ዋነኛ ምዕራፍ ሆኗል። ይህ ሥራ የሚጀምረው ደግሞ ዘመናዊ የምርመራ መሣሪያ በሚገኝበት ትልቅ ሆስፒታል ሳይሆን፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ የሙቀት መለኪያና በጣት ላይ የሚደረግ የኦክሲጅን መለኪያ ባለበት ጤና ጣቢያ ነው።

የሕመሙ ምንነትና መነሻ

ሕመሙ በአብዛኛው የሚጀምረው ከሳንባ ሳይሆን ከእግር ነው። በእግር ወይም በዳሌ አካባቢ በሚገኙ ጥልቅ የደም መልስ ሥሮች ውስጥ የረጋ ደም ከቦታው ተላቆ ከደም ዝውውሩ ጋር በመጓዝ በቀኝ የልብ ክፍል በኩል አልፎ በሳንባ የደም ቧንቧዎች ውስጥ ይወሸቃል። ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርሾ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ይህን የረጋ ደም ጉዞ በምርምር ያስረዳ ሲሆን፣ ኢምቦሊዝም የሚለውን ስያሜ ለሕክምናው ያበረከተውም እርሱ ነው። የተወለደበት ዕለት ኦክቶበር 13 እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የዓለም የደም መርጋት ቀን ሆኖ በመከበር ላይ ይገኛል።

ለደም መርጋት ከሚያጋልጡ ሁኔታዎች መካከል ትልቅ ቀዶ ሕክምና፣ የእግርና የዳሌ አጥንት ስብራት፣ ለረጅም ጊዜ አልጋ ላይ መዋል፣ እርግዝናና የድኅረ ወሊድ ወቅት፣ ካንሰር እንዲሁም የልብ ድካም ይገኙበታል። በአገሪቱ በስፋት የሚታዩት የሳንባ ነቀርሳና ኤች አይ ቪም የደም መርጋትን ዕድል ከሚጨምሩት ውስጥ ይቆጠራሉ። የመጀመሪያው የኮቪድ 19 ሕመምተኛ በኢትዮጵያ መገኘቱ ከተገለጸበት ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ወዲህም ቫይረሱ በጽኑ የታመሙ ሰዎችን ለዚህ ችግር እንደሚያጋልጥ የአገሪቱ ሐኪሞች በሥራቸው ተገንዝበዋል።

ጉዳዩ የመንግሥት ሠራተኛውንም በቀጥታ ይመለከተዋል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ባደረገው የምርምር ውጤት መሠረት በአውሮፕላን፣ በባቡር፣ በአውቶቡስም ሆነ በመኪና አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀሱ ተቀምጦ መጓዝ የደም መርጋትን ዕድል በሁለት እጥፍ ገደማ ይጨምራል። ዕድሉ ለጤናማ ሰው አሁንም አነስተኛ ነው። ሆኖም በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ወይም የወለደች ሠራተኛ ለመስክ ሥራ ወይም ለስብሰባ ረጅም መንገድ ስትጓዝ በየመሀሉ ወርዶ መንቀሳቀስ እንደሚገባ ባለሙያዎች ይመክራሉ።

አደጋውን የሚወስነው የልብ አቅም ነው

ብዙ ሰዎች የረጋው ደም በተለቀ ቁጥር አደጋውም የዚያኑ ያህል እንደሚከፋ ያስባሉ። ይህ በከፊል እውነት ቢሆንም ሙሉ መልስ አይሰጥም። የሕመምተኛውን ዕጣ በዋናነት የሚወስነው የቀኙ የልብ ክፍል የተደቀነበትን ጫና የመቋቋም አቅሙ ነው።

የቀኙ የልብ ክፍል ደምን ወደ ቅርቡ ሳንባ ብቻ የሚገፋ በመሆኑ ግድግዳው ስስ ነው። የሳንባው ቧንቧ በድንገት ሲዘጋ ይህ ስስ ግድግዳ ከፍተኛ ጫና ስለሚገጥመው ይለጠጣል። በመለጠጡም የመግፋት ኃይሉ ይቀንሳል። ወደ ግራው የልብ ክፍል የሚደርሰው ደም ሲያንስ ለመላ ሰውነት የሚረጨው ደም ይቀንሳል፤ የደም ግፊትም ይወርዳል። የደም ግፊት ሲወርድ ደግሞ ልብ ራሱ የሚያገኘው ደም ስለሚያንስ ይበልጥ ይደክማል። አንዱ ችግር ሌላውን እየወለደ የሚሄድበት ይህ ዑደት ካልተቋረጠ ሕመምተኛው በአጭር ጊዜ ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ስለሆነም መካከለኛ መጠን ያለው የረጋ ደም ቀድሞውኑ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበትን አረጋዊ ሊገድል ሲችል፣ ከዚያ የሚበልጠውን ጤናማ ልብ ያለው ወጣት ሊቋቋመው ይችላል። የልብ ምት መፍጠን፣ የደም ግፊት መውረድ፣ የትንፋሽ መቆራረጥ፣ በደም ውስጥ ያለው ኦክሲጅን መቀነስና የንቃተ ኅሊና መዛባት ልብ በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ ከውጭ ሆነው የሚናገሩ ምልክቶች ናቸው።

ይህ ልዩነት ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ በሰባት አገሮች በሚገኙ 52 ሆስፒታሎች 2 ሺህ 454 ሕሙማንን ያካተተውና እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ የሆነው ዓለም አቀፍ ጥናት አሳይቷል። በጥናቱ መሠረት በሦስት ወራት ውስጥ ከጠቅላላዎቹ ሕሙማን 17 ነጥብ 4 በመቶ ሕይወታቸው አልፏል። ሲደርሱ የደም ዝውውራቸው ተዛብቶ ከነበሩት መካከል የሞቱት 58 ነጥብ 3 በመቶ ሲሆኑ፣ የደም ዝውውራቸው ካልተዛባው መካከል ግን 15 ነጥብ 1 በመቶ ናቸው።

ሕክምናውን በጊዜ መጀመር የሚያስገኘው ውጤት ቀደም ብሎ በእንግሊዝ ብሪስቶል ከተማ በተካሄደና እ.ኤ.አ. በ1960 በታተመ ሙከራ ተረጋግጧል። በሙከራው የደም መርጋትን የሚከላከል መድኃኒት ካልተሰጣቸው 19 ሕሙማን አምስቱ በዚሁ ሕመም ሲሞቱ፣ መድኃኒቱ ከተሰጣቸው 16 ሕሙማን ግን በሕመሙ የሞተ አልነበረም። በዘመኑ የዛሬው ዓይነት የምስል ምርመራ ባለመኖሩ ሐኪሞቹ ሕመሙን የለዩት በዋናነት በምልክቶቹ ነበር።

የአደጋ ደረጃ መለያ ነጥቦች

ሕሙማኑን በአደጋ ደረጃቸው ለመለየት በዓለም በስፋት ጥቅም ላይ ከዋሉት ዘዴዎች ግንባር ቀደሙ በምሕፃረ ቃል ፔሲ በመባል የሚታወቀው የነጥብ አሰጣጥ ነው። ዘዴው በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት ከሚገኙ ሆስፒታሎች በተሰበሰበ መረጃ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ የሆነ ሲሆን፣ በ11 መመዘኛዎች የተዋቀረ ነው። ከመመዘኛዎቹ መካከል የላቦራቶሪ ወይም የራጅ ምርመራ የሚፈልግ አንድም የለም።

አሠራሩ የሚጀምረው የሕመምተኛውን ዕድሜ በዓመት ቆጥሮ ያንኑ ቁጥር እንደ ነጥብ በመያዝ ነው። ሕመምተኛው ወንድ ከሆነ 10፣ ካንሰር ካለበት 30፣ ሥር የሰደደ የልብ ድካም ካለበት 10፣ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ካለበትም 10 ነጥብ ይደመራል። የልብ ምቱ በደቂቃ 110ና ከዚያ በላይ ከሆነ 20፣ የላይኛው የደም ግፊት ከ100 በታች ከሆነ 30፣ አተነፋፈሱ በደቂቃ 30ና ከዚያ በላይ ከሆነ 20 ነጥብ ይጨመራል። የሰውነት ሙቀቱ ከ36 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ከሆነ 20፣ በደም ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ከ90 በመቶ በታች ከሆነም 20 ነጥብ የሚይዝ ሲሆን፣ ከሁሉም ከፍተኛው 60 ነጥብ የሚሰጠው ለንቃተ ኅሊና መዛባት ነው።

የነጥቡ ድምር ሕሙማኑን በአምስት ደረጃ ይከፍላቸዋል። እስከ 65 ነጥብ ያላቸው በአንደኛ፣ ከ66 እስከ 85 ያላቸው በሁለተኛ፣ ከ86 እስከ 105 ያላቸው በሦስተኛ፣ ከ106 እስከ 125 ያላቸው በአራተኛ፣ ከ125 በላይ ያላቸው ደግሞ በአምስተኛ ደረጃ ይመደባሉ። በ30 ቀናት ውስጥ የሚያጋጥመው ሞት በአንደኛ ደረጃ ከ1 ነጥብ 6 በመቶ ያልበለጠ ሲሆን፣ በአምስተኛ ደረጃ ግን ከ10 እስከ 24 ነጥብ 5 በመቶ ይደርሳል።

ይህ ስሌት በድንገተኛ ክፍል ውስጥ ጊዜ የሚወስድ ሆኖ በመገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ቀለል ያለ ቅጽ ተዘጋጅቶለታል። ቀላሉ ቅጽ የሚጠይቀው ስድስት ነገሮችን ብቻ ነው። እነርሱም ዕድሜ ከ80 ዓመት በላይ መሆን፣ ካንሰር፣ ሥር የሰደደ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም፣ በደቂቃ 110ና ከዚያ በላይ የሆነ የልብ ምት፣ ከ100 በታች የሆነ የላይኛው የደም ግፊትና ከ90 በመቶ በታች የሆነ ኦክሲጅን ናቸው። ከእነዚህ አንዱም የሌለበት ሕመምተኛ አነስተኛ አደጋ ላይ ነው ተብሎ ይወሰዳል። በጥናቱ የእነዚህ ሕሙማን የ30 ቀን ሞት 1 በመቶ የነበረ ሲሆን፣ አንድና ከዚያ በላይ የተገኘባቸው ግን 10 ነጥብ 9 በመቶ ነበር።

የኦክሲጅን መለኪያ በማይገኝበት ሁኔታም ቢሆን የልብ ምትን ቁጥር ለላይኛው የደም ግፊት ቁጥር በማካፈል ጠቃሚ መረጃ ማግኘት ይቻላል። ውጤቱ 1 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የልብ ምቱ ከደም ግፊቱ በልጧል ማለት በመሆኑ ሕመምተኛው አስጊ ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ ያመለክታል።

በጤና ጣቢያ ደረጃ አሠራሩ ምን ሊመስል ይችላል

አሠራሩን ይበልጥ ግልጽ ለማድረግ ለአብነት ያህል ሁለት ሕሙማን ወደ ጎብዬ ጤና ጣቢያ መጡ እንበል። የመጀመሪያው እግራቸው ተሰብሮ ለሳምንታት የተኙ የ58 ዓመት አርሶ አደር ናቸው። ድንገት ትንፋሽ አጥሯቸዋል፤ የተሰበረው እግራቸውም አብጧል። የልብ ምታቸው 118፣ የላይኛው የደም ግፊታቸው 108፣ አተነፋፈሳቸው 28፣ ሙቀታቸው 36 ነጥብ 8፣ ኦክሲጅናቸው 88 በመቶ ነው፤ ንቃታቸው ደኅና ነው።

የእኚህ ሰው ነጥብ ለዕድሜ 58፣ ለጾታ 10፣ ለልብ ምት 20፣ ለኦክሲጅን 20 ሲደመር 108 ይሆናል። ይህም አራተኛ ደረጃ ነው። በቀላሉ ቅጽም ሁለት ነጥብ ያገኛሉ። የልብ ምታቸው ለደም ግፊታቸው ሲካፈል ከ1 በላይ ነው። የደም ግፊታቸው ገና ስላልወረደ ብቻ ደኅና ናቸው ብሎ ተራ እንዲጠብቁ ማድረግ ስህተት መሆኑን ሦስቱም ስሌቶች ያሳያሉ።

ሁለተኛዋ በቀዶ ሕክምና ከወለደች አሥር ቀን የሆናት የ29 ዓመት እናት ናት። የልብ ምቷ 112፣ የላይኛው የደም ግፊቷ 114፣ አተነፋፈሷ 24፣ ሙቀቷ 37፣ ኦክሲጅኗ 93 በመቶ ነው። ነጥቧ 29ና 20 ሲደመር 49 ብቻ በመሆኑ በአንደኛ ደረጃ ትመደባለች። በቀላሉ ቅጽ ግን በልብ ምቷ ምክንያት አንድ ነጥብ ስለምታገኝ ከአነስተኛ አደጋ ምድብ ትወጣለች።

ይህ የሁለቱ ቅጾች አለመጣጣም ለአካባቢው ባለሙያዎች ትልቅ ትርጉም አለው። የመጀመሪያው ቅጽ ለዕድሜ የሚሰጠው ክብደት ከፍተኛ በመሆኑና ቅጹ የተዘጋጀው በአብዛኛው በዕድሜ የገፉ ሕሙማን በሚታከሙበት አገር በመሆኑ፣ የወጣት ሕሙማንን አደጋ አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል። ቅጾቹ ለነፍሰ ጡሮችና በቅርቡ ለወለዱ እናቶች ተብለው የተዘጋጁ ባለመሆናቸውም እነዚህ እናቶች ነጥባቸው አነስተኛ ነው ተብሎ ብቻ ወደ ቤታቸው ሊመለሱ አይገባም። ነጥብ የባለሙያን ውሳኔ ያግዛል እንጂ አይተካም።

ሌላው ጥንቃቄ የሚያሻው የመልክዓ ምድሩ ከፍታ ነው። ቆቦ ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ደሴ ከ2 ሺህ 400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የጤናማ ሰው ኦክሲጅን መጠንም በመጠኑ ስለሚቀንስ፣ በደጋ የተለካ 90 በመቶና በቆላ የተለካ 90 በመቶ አንድ ዓይነት ትርጉም የላቸውም። በራያ ቆላ ኦክሲጅኑ ከ90 በመቶ በታች የሆነን ሰው ከፍታው ያመጣው ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። ሕመምተኛው ከቆላው ወደ ደጋው በአምቡላንስ ሲጓዝ ኦክሲጅኑ ይበልጥ ሊወርድ ስለሚችል በመንገድ ላይ የሚያስፈልገው ኦክሲጅን አስቀድሞ ሊዘጋጅ ይገባል።

በተጨማሪም ነጥቦቹ የተዘጋጁት ሕመሙ በምርመራ ለተረጋገጠላቸው ሰዎች መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ነጥቡ በሽታው አለ ወይም የለም የሚለውን አይመልስም። ሕመሙን በትክክል ለማረጋገጥ የሳንባ ደም ቧንቧዎችን የሚያሳይ የሲቲ ስካን ምርመራ ያስፈልጋል። ሆኖም የሚለኩት ነገሮች በሳንባ ምችም ሆነ በልብ ድካም የታመመ ሰው ላይ አስጊነትን የሚያመለክቱ በመሆናቸው፣ የምርመራው ስም ገና ባልታወቀበት ደረጃ እነርሱን ለክቶ መመዝገብ ትርፍ እንጂ ኪሳራ የለውም።

ሁለተኛው ደረጃ ምዘናና የሕክምናው አቅጣጫ

የአውሮፓ የልብ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ ሕሙማኑን በአራት ይከፍላቸዋል። የላይኛው የደም ግፊታቸው ከ90 በታች ወርዶ የቆየ፣ ለሰውነታቸው በቂ ደም የማይደርስ ወይም ልባቸው ቆሞ የነበረ ሕሙማን ከፍተኛ አደጋ ላይ ያሉ ናቸው። ለእነዚህ ሕሙማን ነጥብ መቁጠር አያስፈልግም። የረጋውን ደም የሚያሟሙ እንደ አልቴፕሌዝና ስትሬፕቶካይኔዝ ያሉ መድኃኒቶች፣ የሚከለክል ምክንያት ከሌለ፣ በአፋጣኝ ይሰጧቸዋል።

የደም ግፊታቸው ያልወረደ ሕሙማን ደግሞ በነጥቡ፣ በልብ አልትራሳውንድና ትሮፖኒን በተባለው የደም ምርመራ ተለይተው ይመደባሉ። አልትራሳውንዱ የቀኙ የልብ ክፍል መለጠጡን ሲያሳይ፣ ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ መጎዳቱን ይጠቁማል። ሁለቱም የተገኙባቸው ከመካከለኛው ምድብ በከፍተኛው እርከን ላይ ሲሆኑ፣ አንዱ ብቻ የተገኘባቸው ወይም ነጥባቸው ከፍ ብሎ ሁለቱም ያልተገኙባቸው በዝቅተኛው እርከን ላይ ናቸው። አንዱም የሌለባቸውና ነጥባቸው አነስተኛ የሆነው አነስተኛ አደጋ ያለባቸው ናቸው። እነዚህ የመጨረሻዎቹ በቤታቸው በቂ ክትትል ማግኘት ከቻሉና ሌላ የሚያሰጋ ሕመም ከሌለባቸው ሆስፒታል ብዙ ሳይቆዩ ሊታከሙ ይችላሉ።

ምደባው ያስፈለገው ጠንካራው ሕክምና ራሱ አደጋ ስላለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመና በመካከለኛ አደጋ ላይ የነበሩ ከ1 ሺህ በላይ ሕሙማንን ባካተተ ጥናት፣ የረጋ ደም የሚያሟማ መድኃኒት የሞትንና የደም ዝውውር መውደቅን ድምር ከ5 ነጥብ 6 ወደ 2 ነጥብ 6 በመቶ ዝቅ አድርጓል። በአንጻሩ ስትሮክ ከ0 ነጥብ 2 ወደ 2 ነጥብ 4 በመቶ ከፍ ብሏል። በመሆኑም መድኃኒቱ የደም ግፊታቸው ላልወረደ ሕሙማን በደፈናው አይሰጥም። እነዚህ ሕሙማን የደም መርጋትን የሚከላከሉ እንደ ሄፓሪንና ኢኖክሳፓሪን ያሉ መድኃኒቶች እየተሰጧቸው በቅርብ ይጠበቃሉ፤ ሁኔታቸው ከተባባሰ ወደሚቀጥለው ሕክምና ይሸጋገራሉ።

መመሪያው የሕመሙ ጥርጣሬ መካከለኛና ከፍተኛ በሆነ ጊዜ፣ የመድማት ሥጋት እስከሌለ ድረስ፣ የመርጋት መከላከያ መድኃኒቱ የምርመራው ውጤት ሳይጠበቅ እንዲጀመር ያዛል። ሲቲ ስካን ወደሚገኝበት ከተማ የሚደረገው ጉዞ ረጅም በሆነበት አካባቢ ይህ ምክር ልዩ ክብደት ይኖረዋል።

ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ጉዳይም አለ። የደም ግፊት ሲወርድ በተለምዶ የሚወሰደው እርምጃ ግሉኮስ ወይም ሌላ ፈሳሽ በደም ሥር በብዛት መስጠት ነው። በዚህ ሕመም ግን የተለጠጠውን የቀኝ ልብ በብዙ ፈሳሽ መሙላት ይበልጥ እንዲለጠጥና እንዲደክም ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ፈሳሽ ካስፈለገ ከግማሽ ሊትር በማይበልጥ መጠን በጥንቃቄ እንዲሰጥ ይመከራል።

የአደጋ ደረጃ አንዴ ተለክቶ የሚያበቃም አይደለም። ሲደርስ ደኅና የነበረ ሰው ከሰዓታት በኋላ ሊባባስ ስለሚችል ልኬቶቹ በየጊዜው ሊደገሙ ይገባል። ከሆስፒታል ከወጣ በኋላም ሕክምናው ቢያንስ ለሦስት ወራት የሚቀጥል ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ትንፋሽ ማጠሩ ያልለቀቀው ሰው በሳንባ የደም ቧንቧዎች ላይ ዘላቂ ጫና እንዳልተፈጠረበት መመርመር አለበት።

ከባለድርሻ አካላት የሚጠበቀው

በጎብዬ ያለ ባለሙያ ለሪፈራል ሁለት አቅጣጫ አለው። በስተሰሜን የቆቦ ሆስፒታል፣ በስተደቡብ የወልድያ ሆስፒታል ሲገኙ፣ ከወልድያ ቀጥሎ ደሴ አለ። በአነስተኛ አደጋ ላይ ያለን ሕመምተኛ በቅርብ ባለው ሆስፒታል ማሳየት ተገቢ ሊሆን ይችላል። በከፍተኛ አደጋ ላይ ያለውን ግን አንድ ሆስፒታል ደርሶ እንደገና ወደ ሌላ እንዲላክ ማድረግ ሊተርፍበት ይችል የነበረውን ጊዜ ማባከን ነው። የት መላክ እንዳለበት ለማወቅ ደግሞ በቅድሚያ አደጋውን መለካት ያስፈልጋል።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. በአካባቢው በተካሄደው ጦርነት የወልድያንና የደሴን ሆስፒታሎች ጨምሮ በሰሜንና በደቡብ ወሎ በርካታ የጤና ተቋማት መዘረፋቸውና መውደማቸው ይታወሳል። መልሶ ግንባታ ሲነሳ በቅድሚያ ትኩረት የሚስቡት ትላልቆቹ መሣሪያዎች ናቸው። ይሁንና ከላይ ለተገለጸው ሥራ በቅድሚያ የሚያስፈልጉት የሚሠራ የደም ግፊት መለኪያ፣ የጣት ኦክሲጅን መለኪያ፣ የሙቀት መለኪያና ሰዓት ናቸው። ባትሪው ያለቀ መለኪያ በመደርደሪያ ላይ መገኘቱ በንብረት መዝገብ ላይ ቢቆጠርም ለሕመምተኛው ግን የለም ማለት ነው።

የወረዳና የዞን ኃላፊዎች ሊያስፈጽሟቸው ከሚችሉ እርምጃዎች መካከል በሪፈራል ወረቀት ላይ ዕድሜ፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ አተነፋፈስ፣ ሙቀት፣ ኦክሲጅንና የንቃት ሁኔታ ከተለኩበት ሰዓት ጋር ሳይጓደሉ እንዲሞሉ ማድረግ አንዱ ነው። ተቀባዩ ሆስፒታል ሕመምተኛው ሳይደርስ በስልክ እንዲያውቅ ማድረግ፣ አምቡላንስ ነዳጅና ኦክሲጅን ይዞ ዝግጁ መሆኑን መከታተልና የሄፓሪን አቅርቦት እንዳይቋረጥ በመድኃኒት ዕቅድ ውስጥ ማካተትም ተጠቃሾች ናቸው። እነዚህ እርምጃዎች በአብዛኛው ከፍተኛ በጀት ሳይሆን የማያቋርጥ ክትትል የሚጠይቁ ናቸው።

ኅብረተሰቡም በቅርቡ የወለደች፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ወይም አጥንቱ የተሰበረ ቤተሰቡ ድንገት ትንፋሽ ሲያጥረው፣ ደረቱን ሲወጋው፣ ደም የቀላቀለ አክታ ሲተፋ ወይም አንድ እግሩ ብቻ ሲያብጥ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ሊያደርሰው ይገባል። በየቀበሌው የሚሠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ይህንን መልእክት ለእናቶች በማድረስ ረገድ ቁልፍ ድርሻ አላቸው።

በሳንባ ደም ቧንቧ መዘጋት የታመመ ሰው መጨረሻ በአብዛኛው የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ሲቲ ስካንና የልብ አልትራሳውንድ ወደ እያንዳንዱ ከተማ እስኪደርሱ ድረስ መጠበቅ የግድ ቢሆንም፣ ሰባቱን ልኬቶች ለክቶ፣ መዝግቦና አስልቶ ሕመምተኛውን ወደ ትክክለኛው ቦታ መላክ ግን ዛሬውኑ በጎብዬም ሆነ በሌሎች ጤና ጣቢያዎች ሊከናወን የሚችል ተግባር ነው። ለዚህም በየደረጃው የሚገኙ ባለሙያዎችና የሥራ ኃላፊዎች የበኩላቸውን ድርሻ ሊወጡ ይገባል።